ያውቁ ኖሯል? ውቅያኖስ የሚሻገረው ብርሃን

በ1960ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደህና በተባለ ብርጭቆ ውስጥ ብርሃን ቢለቁ፣ 20 ሜትር ሲጓዝ የሚተርፈው ከመቶ አንድ እጁ ብቻ ነበር። የመስኮት መስታወት ጥርት ብሎ የሚታየን ስስ ስለሆነ ነው። በ1966 ቻርለስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም የተባሉ መሐንዲሶች በእንግሊዝ አገር ሃርሎው ከተማ ሆነው ባወጡት ጥናት፣ ብርሃኑን የሚበላው ብርጭቆው ራሱ ሳይሆን በውስጡ የቀረው የብረትና የመሳሰለው ቅሪት ነው አሉ። ቅሪቱ ጠርቶ ያችው አንድ እጅ 1 ኪሎ ሜትር መድረስ ከቻለች፣ የስልክ መስመር በብርሃን መዘርጋት ያዋጣል። በ1970 የአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሞረር፣ ኬክና ሹልትዝ ይህን ልክ አለፉት። ዛሬ ያችው አንድ እጅ 100 ኪሎ ሜትር ትደርሳለች።

ካኦ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ከጥናቱ 43 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው። አልዛይመር ይዟቸው ስለነበር ንግግሩን ያቀረቡት ባለቤታቸው ግዌን ናቸው።

ብርሃኑ የሚጓዝበት የብርጭቆ ክር (ፋይበር)፣ የላይኛው ሽፋን ሳይቆጠር፣ ውፍረቱ የ1 ሚሊ ሜትር ስምንተኛ ነው። ብርሃኑ የሚሄደው ግን መሀል ለመሀል ባለች 9 ማይክሮን ገደማ በሆነች እምብርት ውስጥ ነው። እምብርቷና በዙሪያዋ ያለው ብርጭቆ ብርሃን በማጠፍ አቅማቸው የሚለያዩት ከግማሽ በመቶ ባነሰ ነው፤ ብርሃኑ እንዳያመልጥ ይህችው ልዩነት ትበቃለች።

በረጅም መስመር የሚጓዘውን ብርሃን በዓይን ማየት አይቻልም። የሞገድ ርዝመቱ 1,550 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፤ ኢንፍራሬድ ማለት ነው። ጠንቃቃ ቴክኒሺያን የክር ጫፍ ወደ ዓይኑ የማያስጠጋውም ለዚህ ነው፤ ምንም ሳይታየው ሊጎዳ ይችላል።

ፍጥነቱስ? በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል። በጠፈር ከሚሄድበት ፍጥነት ሲሶውን ብርጭቆው ያስቀርበታል።

አትላንቲክን የተሻገረው የመጀመሪያው የስልክ ኬብል ታት-1 በ1956 በአንድ ጊዜ 36 ጥሪ ይይዝ ነበር። በ1988 የተዘረጋው የመጀመሪያው የብርሃን ኬብል ታት-8 ደግሞ 40,000 ያህል። ይሁን እንጂ ታት-8 አንድ ጣጣ ነበረበት። ባሕር ወለል ላይ የተቀመጡት ሪፒተሮቹ የደከመውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጠው፣ አጽድተው፣ እንደገና በሌዘር የሚልኩ ነበሩ። የተሠሩት ለአንድ ፍጥነት ብቻ ስለሆነ፣ የኬብሉ አቅም ገና ከመርከቡ ሲወርድ ተወስኖ አለቀ ማለት ነው።

ከዚህ እስር ያወጣው ኤርቢየም የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ስሙ ብዙ አይነሳም እንጂ፣ በዚህ አምድ ጸሐፊ ሚዛን ከሌዘርም ከኮምፒውተርም እኩል ሊመሰገን የሚገባው እሱ ነው። በ1987 በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ፔይን ቡድን፣ በአሜሪካም በቤል ላብስ ኢማኑኤል ደሱርቪርና ባልደረቦቹ፣ ኤርቢየም የተጨመረበት ጥቂት ሜትር ክር ብርሃንን በብርሃንነቱ ማጉላት እንደሚችል አሳዩ። አንድ አነስተኛ ሌዘር ኤርቢየሙን ይመግበዋል፤ ኤርቢየሙ የተመገበውን ይዞ ይቆይና መልእክት የያዘ ብርሃን ሲያልፍ ያንኑ ኃይል አምሳያ ብርሃን አድርጎ ይጨምርለታል። የሚገርመው፣ ኤርቢየም ይህን የሚያደርገው ብርጭቆ ከሁሉ ይበልጥ በሚጠራበት በዚያው በ1,550 ናኖ ሜትር ዙሪያ ነው። ማንም አቅዶ ያመጣው አይደለም፤ ተፈጥሮ የገጠመችው ነው። ማጉያው ስለ ፍጥነት ደንታ የለውም፤ በርካታ የሞገድ ርዝመቶችንም ባንድ ላይ ያጎላል። ስለዚህ የባሕሩ ክፍል ሳይነካ፣ የብስ ላይ ያለውን ማሽን ብቻ በመለወጥ የኬብሉን አቅም ማሳደግ ተቻለ።

ጠላት የነበረው ነገር ወዳጅ ሲሆን አይተው ያውቃሉ? መልእክቱን የሚሸከሙት የብርሃን ምቶች በክሩ ውስጥ ሲጓዙ እየተለጠጡ እርስ በርስ ይደበላለቃሉ፤ የተለያየ የሞገድ ርዝመት በተለያየ ፍጥነት ስለሚሄድ። በ1980ዎቹ ይህ መለጠጥ በ1,550 ናኖ ሜትር ላይ ዜሮ የሚሆንበት ክር ተሠራና ታላቅ ግኝት ተባለ፤ ጃፓንና ጣሊያን በብዛት ዘረጉት። ጥቂት ቆይቶ በአንድ ክር ብዙ የሞገድ ርዝመት መላክ ሲጀመር ጉዱ ወጣ። ሁሉም እኩል በሚሄዱበት ክር ውስጥ ሞገዶቹ እርስ በርስ እየተዳቀሉ ያልተላኩ አዳዲስ ሞገዶች ይፈጥራሉ፤ እነዚህም ጎረቤት መልእክት ላይ ይወድቃሉ። መድኃኒቱ ትንሽ መለጠጥን ሆን ብሎ መመለስ ሆነ።

የማይለጠጥ ምትም አለ፤ ሶሊቶን ይባላል። ጆን ስኮት ራስል በ1834 ኤደንብራ አጠገብ ባለ ቦይ ላይ በፈረስ ሆኖ የተከተለው የውኃ ሞገድ ዘመድ ነው። ከንግድ ጥቅሙ ግን ታሪኩ ይበልጣል።

ታዲያ የኬብሉን አቅም ለማሳደግ የሌዘሩን ጉልበት እየጨመሩ መሄድ አይቻልም? አይቻልም። ያን ሁሉ ኃይል 9 ማይክሮን ውስጥ ሲያጭቁት የብርጭቆው ጠባይ ራሱ ይለወጥና መልእክቱን ያበላሸዋል። ከ2010 ገደማ ወዲህ ያለው መፍትሔ ሂሳብ ነው። ብርሃኑን ማብራትና ማጥፋት ቀርቶ፣ በጥንካሬው፣ በሞገዱ አነሳስና በንዝረቱ አቅጣጫ መረጃ ይጫንበታል። በመጨረሻው ጫፍ ያለው ቺፕ ደግሞ ሺህ ኪሎ ሜትሮች የለጠጡትን ምት በስሌት መልሶ ይሰበስበዋል። ከአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ቢች ወደ ስፔን የተዘረጋውና በ2017 የተጠናቀቀው ማሪያ ኬብል 6,600 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ የተሠራውም በሰከንድ 160 ቴራቢት እንዲያሳልፍ ነው።

በጥልቅ ባሕር የሚተኛው ኬብል ከአትክልት ማጠጫ ጎማ አይወፍርም። በውስጡ ያለው መዳብ መረጃ አይሸከምም፤ በየ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ለተቀመጡት ማጉያዎች እስከ አሥር ሺህ ቮልት የሚደርስ ኃይል ያደርሳል እንጂ። የመመለሻ ሽቦ የለም፤ የመመለሻው መንገድ ባሕሩ ራሱ ነው።

ብዙውን ጉዳት የሚያደርሱት ሻርኮች ሳይሆኑ የዓሣ ማጥመጃ መረብና የመርከብ መልሕቅ ናቸው። በየካቲት 2024 ሩቢማር የተባለችው መርከብ በሚሳይል ተመትታ ቀይ ባሕር ላይ ስትንሳፈፍ፣ የሚጎተተው መልሕቋ ሳይበጥሳቸው እንዳልቀረ የሚታመኑ ኬብሎች ተቋርጠው ነበር። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ከዓለም የምትገናኝበት አንዱ ዋና መንገድ ጂቡቲ ስለሆነች፣ ቀይ ባሕር የሚነካት ነገር ነው።

የብስ ላይ ደግሞ ቀና ብለው የከፍተኛ ኃይል ምሰሶዎችን ይመልከቱ። ከጫፍ ላይ ያለው፣ መብረቅ የሚከላከለው ሽቦ፣ በብዙ መስመሮች ሆዱ ውስጥ ፋይበር ይዟል፤ በአገራችንም ይሠራበታል። ብርሃን ኤሌክትሪክ ስላልሆነ አጠገቡ ያለው 400 ሺህ ቮልት አይረብሸውም።

በ2018 የእንግሊዝና የጣሊያን ተመራማሪዎች በማልታና በሲሲሊ መካከል ያለውን ጨምሮ ተራ የመገናኛ ክሮች ርዕደ መሬት ሊያዳምጡ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ክሩ እጅግ በጥቂቱ ይሳባል፤ ብርሃኑም የሚደርስበት ቅጽበት ይዛነፋል።

አዲሱ ወሬ መሀሉ ባዶ የሆነ ክር ነው። ብርሃኑ በብርጭቆ ሳይሆን በአየር ውስጥ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ሊያጣው የነበረውን ሲሶ ያስመልሳል። አሁንም ከጀርባው ያለው ያው ሳውዝሃምፕተን ነው፤ ከዚያ የወጣውን ሉሜኒሲቲ የተባለ ኩባንያ ማይክሮሶፍት በ2022 ገዝቶታል። በ2025 የታተመ ውጤት የብርሃን ብክነቱን በኪሎ ሜትር ከ0.1 ዴሲቤል በታች አውርዶታል፤ ከምርጡ ድፍን ብርጭቆም በታች ማለት ነው።