ከዋጊኖስ እስከ አጣጥ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዋጊኖስ የተባለውን ተክል የተቅማጥ መድኃኒት ብሎ መዝግቦታል። የአገራችን የባህል ሐኪሞች ግን ነቀርሳም ያክሙበት ነበር።

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በ1960 ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት እየሰበሰበ መፈተሽ ጀመረ። ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት አንዱ የአጣጥ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ኬሚስቱ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ በ1972 ከዚህ ቁጥቋጦ ሜይታንሲንን፣ በዓመቱ ደግሞ ከዋጊኖስ ብሩሴያንቲንን ለይተው አወጡ። ሁለቱም የደም ካንሰር በያዛቸው አይጦች ላይ ብርቱ ሆነው ተገኙ።

በሰው ሲሞከሩ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ብሩሴያንቲን የታማሚዎችን ዕጢ ሳያሳንስ ቀረ። ሜይታንሲንን የጣለው ጉልበቱ ራሱ ነው፦ ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሞችን የሚጎትቱትን ክሮች ስለሚያሰናክል ጤነኛውን አንጀትና ነርቭም ይጎዳል። የዕፅዋት ፍተሻውም በ1982 ገደማ ተቋረጠ።

ሜይታንሲን ግን አልተረሳም። ተመራማሪዎች ከሜይታንሲን የተሠራ ውህድ የካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አያያዙት፤ መርዙ በሰውነት ሳይበተን ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ እንዲለቀቅ። ከዚህ የተገኘው ካድሲላ በ2013 ኤችኢአር2 የተባለ ፕሮቲን ለበዛበት የጡት ካንሰር በአሜሪካ ጸደቀ። ከግኝቱ እስከዚህ 41 ዓመት ነው! የጡት ካንሰር የኢትዮጵያ ሴቶችን ከሌሎቹ ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚያጠቃ ሆኖ ሳለ፣ የመድኃኒቱ ዋጋ ለአብዛኞቹ የማይቀመስ መሆኑ ያንገበግባል። መነሻው ውህድ ዛሬ ከባክቴሪያ ስለሚመረት ቁጥቋጦውን የሚፈልገው የለም። ቁጥቋጦው ሲወሰድ ጥቅሙን የሚያስጠይቅ ሕግ አልነበረም፤ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ2006 ነው።

አሁን ፍተሻው አገር ቤትም ገብቷል። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ፣ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የባህል መድኃኒት ምርምር ክፍል አለው፤ ዩኒቨርሲቲዎችም የዕፅዋት ጭማቂ በካንሰር ሕዋሳት ላይ ይሞክራሉ። አብዛኛው ጥናት እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ይቆማል። በብልቃጥ ያለ የካንሰር ሕዋስ በበረኪናም ይሞታል፤ መጠየቅ ያለበት ጤነኛው ሕዋስ በዚያው መጠን መትረፉ ነው። ይህ ሳይለካ «መድኃኒት ተገኘ» ማለት ጡቷ ላይ እባጭ ያገኘችን እናት ከሐኪም ያዘገያል። የምርምር ገንዘቡም አዲስ ቅጠል ከመጨመር ይልቅ ተስፋ የሰጡትን ጥቂቶቹን በእንስሳት ላይ ለመፈተሽና መርዛማነታቸውን ለመለካት ይዋል።