ያውቁ ኖሯል? የደጋ አየርና የኮምፒውተር ሙቀት

የጉንደ ወይን ከተማ ብርድ ለኮምፒውተር የተመቸ ይመስላል፤ የደጋ አየር ግን ስስ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ማራገቢያው ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። ውሃን ግን ከፍታው አያሳሳውም፤ አንድ ሊትር ውሃ በእኩል የዲግሪ ጭማሪ ከአንድ ሊትር አየር ከ3,000 ጊዜ በላይ ሙቀት ይይዛል። ኮምፒውተርዎን በውሃ ካቀዘቀዙ በቱቦው ውስጥ የሚዞረው ዲስቲልድ ውሃ ይሁን፤ የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑ ይጋግራል።

ውሃ ብቻም አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ክሬይ 2 ሱፐር ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፍሎሪነርት ፈሳሽ ተነክሮ ይሠራ ነበር። በቤታቸው ኮምፒውተራቸውን ማዕድን ዘይት ውስጥ የሚያጠልቁም አሉ። የእኛን የኑግ ዘይት ግን እባክዎ ለወጥ ይተዉት፤ አየር ሲያገኘው ይበላሻል፣ ሲቆይም እየወፈረ ይጣበቃል።