መብራቱ ተመለሰ፤ ኮምፒውተራችሁስ?

ነጎድጓዱ ያስገመግማል፣ መብራቱ አንዴ ብልጭ አንዴ ድርግም ይላል፤ በመጨረሻም ይጠፋል። ሲመለስ አምፖሉ ከወትሮው በላይ ቦግ ይላል፣ ከሆነ ጥግም "ጧ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሁላችሁም የምትሮጡት ወዴት ነው? ወደ ኮምፒውተሩ። የልጆች ትምህርት፣ የታክስ ሰነድ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ የሠርግና የክርስትና ፎቶ እዚያው ውስጥ ነው። "ተቃጥሎብኝ ይሆን?" የሚለው ጭንቀት እንቅልፍ ይነሳል።

እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ፍሪጅ፣ ፍሪዘር፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና የሒሳብ ማሽን በአንድ ጣራ ሥር የሚያሠራ የምግብ ቤት ባለቤት ስለ ኮረንቲ ሳይወድ በግዱ ይማራል። ሰመር ላይ ዝናብና መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ደንበኞቼ ቡና እየጠጡ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ፦ ኮምፒውተር ይገዛል፤ ውስጡ ያለው ግን አይገዛም። የምነግራችሁ ሁሉ ከማሽኑ ይልቅ ውስጡ ያለውን ለማዳን ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ተራው ሶኬት የሚሰጠው 120 ቮልት ነው። ሰርጅ የምንለው ይህ ቮልቴጅ ለቅጽበት በጣም ከፍ ሲል ነው። መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ፣ የጠፋ መብራት ሲመለስ፣ አንዳንዴም እዚያው ቤት ውስጥ እንደ ኤርኮንዲሽን ያለ ትልቅ ሞተር ሲነሳና ሲቆም ይፈጠራል። የመብረቁ ደግሞ በሶኬት ብቻ አይመጣም፤ በኢንተርኔቱ ኬብልም ይገባል።

አንድ ምልክት ግን አትናቁ። የአንዱ ክፍል መብራት ከልክ በላይ ደምቆ የሌላው ከደበዘዘ፣ ወደ ቤቱ የሚገባው "ኒውትራል" የሚባለው ሽቦ ላልቶ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ የቤቱ ግማሽ ከ120 ቮልት በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል። ይህ መጥቶ የሚያልፍ ሰርጅ አይደለም፤ ዕቃ ያቃጥላል፣ እሳትም ያስነሳል። ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ ወዲያው ለመብራት ኩባንያው ደውሉ።

ከሰርጁ በኋላ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ አሽትቱ። የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ወይም ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ከጠቆረ አትንኩት፤ ብሬከሩን አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ጭስ ወይም እሳት ካለ ቤተሰቡን ይዛችሁ ውጡ፣ 911 ደውሉ። ነጎድጓዱ ገና ካልቆመ ደግሞ ሽቦ ለመንቀል ብላችሁ እጃችሁን ወደ ሶኬት አትስደዱ። መንቀል ያለበት ዝናቡ ከመድረሱ በፊት ነው።

ሁሉም ሲረጋጋ ኮምፒውተሩን ከሶኬትም ከኢንተርኔት ኬብልም ንቀሉት። ሶኬቱን በተራ የጠረጴዛ መብራት ሞክሩት። ደህና ከሆነ ኮምፒውተሩን ሰክታችሁ ክፈቱ።

አልከፍት ካለ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ላፕቶፕ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቻርጀሩ ነው፤ ምቱን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነውና። ለዚያው ሞዴል የሚሆን ሌላ ቻርጀር ተውሳችሁ ሞክሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ውስጡ ያለው ፓወር ሳፕላይ ይጠረጠራል፤ እሱ ብቻ ሊቀየር ይችላል። ግን ሣጥኑን ራሳችሁ እንዳትፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል።

ከተከፈተስ? ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። "ተመስገን፣ ሠራ" ብሎ ይተወዋል። በሰርጅ የተጎዳ ዕቃ ግን ሁልጊዜ ወዲያው አይሞትም፤ ቆስሎ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ምርመራ ከመጀመራችሁ በፊት አስፈላጊውን ፋይል ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ ክላውድ ገልብጡ። ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ዊንዶውስ ላይ "ቼክ ዲስክ"፣ ማክ ላይ "ዲስክ ዩቲሊቲ" የሚባሉት ዲስኩን ይፈትሹላችኋል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ራሱ በራሱ የሚጠፋ፣ ባትሪ የማይሞላ፣ ወይም የዩኤስቢና የኢንተርኔት ቀዳዳው የማይሠራ ከሆነ ባለሙያ ይየው። የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ "ቀጭ ቀጭ" ካለ ደግሞ አጥፉት፤ ደጋግሞ መሞከር ጉዳቱን ያብሳል።

አንዲት ደንበኛችን ጎንደር ሄዳ የአባቷን ምርቃት በቪዲዮ ቀርጻ ነበር። አባቷ ከዚያ በኋላ ዐረፉ። ቪዲዮው ያለው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው። ከአንድ ከባድ መብረቅ በኋላ ላፕቶፑ ደህና ሠርቶ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጭራሽ አልከፍት አለ። ጠጋኙ ማዘርቦርዱ ሞቷል አላት፤ ዲስኩ ግን አልተነካም። አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካው የይለፍ ቁልፍ ጠየቀ። የዛሬ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ዲስካቸውን ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ ማሽኑ ሲሞት "ሪከቨሪ ኪ" የሚባለው ረጅም ቁጥር ከሌለ አይከፈቱም። ደግነቱ ቁጥሩ የኢሜይል አካውንቷ ውስጥ ተገኘ። ያን ዕለት ምግብ ቤቱ ውስጥ ቪዲዮውን ከፍታ ስታሳየን የአባቷን ድምፅ ሰምቶ "አሜን" ያላለ አልነበረም። እናንተም የእናንተን ቁጥር ዛሬውኑ ፈልጉና ወረቀት ላይ ጻፉት። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ነቅሎ ማዳንም አይቻልም። ለነሱ መድኃኒቱ አስቀድሞ መገልበጥ ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ

ባለ ብዙ ቀዳዳ ኤክስቴንሽን ሁሉ መከላከያ አይደለም። ሰርጅ ፕሮቴክተር ከሆነ "ዩኤል 1449" የሚል ደረጃና በ"ጁል" የተለካ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ጁሉ በበዛ ቁጥር የመቀበል አቅሙ ይበዛል። ዕድሜ ግን አለው። ምት በተቀበለ ቁጥር ይደክማል፤ "ፕሮቴክትድ" የሚለው መብራቱ ሲጠፋ ተራ ኤክስቴንሽን ሆኗል ማለት ነውና ቀይሩት።

በምንም መንገድ ግን ምጣድ አትሰኩበት። የእንጀራ ምጣድ 1,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህ ብቻውን 12 አምፔር ተኩል ነው። ከኮምፒውተር ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሲሆን ማከፋፈያው ይግላል፣ ይቀልጣል። ምጣድ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ።

ቤት የገዛችሁ ደግሞ ብሬከር ሳጥኑ ላይ የሚገጠም ለቤቱ በሙሉ የሚሆን መከላከያ አለ። የ2020ው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ለመኖሪያ ቤት አዲስ መስመር ሲገባ ወይም የቆየው ሲቀየር ይህ እንዲገጠም ያዛል፤ ደንቡን የሚያጸድቀው ግን እያንዳንዱ ስቴት ነው። ለአሮጌ ቤትም ኤሌክትሪሺያን ይገጥመዋል።

ኢንሹራንሳችሁንም አንብቡ። ብዙ የቤትና የተከራይ ውሎች መብረቅን ይሸፍናሉ፤ ከመብራት መስመር የመጣ ሰርጅ የኮምፒውተርን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ሲያበላሽ ግን አንከፍልም የሚሉ አሉ። "ሰርጅ ይሸፍናል ወይ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

አገር ቤት ዕቃ ለምትልኩም አንድ ቃል። ኢትዮጵያ ያለው መብራት 220 ቮልት ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ችግር የለም፤ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል። ከዚህ የተገዛ የ120 ቮልት ሰርጅ ፕሮቴክተር ግን እዚያ ሲሰካ ራሱ ይቃጠላል። ለእህት ለወንድማችሁ ደግ ያደረጋችሁ መስሏችሁ እሳት እንዳትልኩ። እዚያው ለ220 የተሠራ ይግዙ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አበው። ቢጠፋ የሚያስለቅሳችሁን አንድ ፎልደር ምረጡና ዛሬ ማታ ሁለት ቦታ ገልብጡት። አንደኛው ቅጂ ከቤት ውጭ፣ ክላውድ ላይ ወይም ዘመድ ጋ ይሁን። ቤት ያለውን ዲስክ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ከኮምፒውተሩ ንቀሉት፤ ተሰክቶ የሚያድር ዲስክ ሰርጅ ሲመጣ አብሮ ነው የሚቃጠለው።