የስግብግብነት ቃላት በአራት ቋንቋ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢዶሎ የሚያድግ ሙስሊም ወጣት ከአራት ቋንቋዎች ጋር ይውላል። እስከ 8ኛ ክፍል የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይወስዳል፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ በመድረሳ ደግሞ ቁርኣንን በዐረብኛ ይቀራል። ውድ አንባቢያን! ዛሬ ከነዚህ ቋንቋዎች የምናነሳው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እርሱም ተስገብግቦ መብላትና መጠጣት የሚጠሩባቸው ቃላት ናቸው። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቃሉን ያለቦታው ያስገባ ተማሪ ሳያውቀው ሰው ይሰድባል።

በቅድሚያ የራሳችን

ሳያላምጥ የዋጠ ሰው «ሰለቀጠ» ይባላል። ዋንጫውን በአንድ ትንፋሽ ባዶ ያደረገ «ጨለጠ»፣ ሆዱን ከልክ በላይ የሞላ «ጎሰጎሰ»፣ የደረሰበትን ሁሉ ወደ ራሱ የሰበሰበ «አግበሰበሰ» ይባላል። «ጎረሰ» ግን ነውር የለበትም። እንዲያውም ትልቅ ጉርሻ በሌላ ሰው እጅ ሲመጣ ፍቅር ነው። ጥፋቱ ከጉርሻው መጠን ይልቅ የሌላውን ድርሻ መውሰዱ ነው። ቋንቋችን «ሆዳም» ብሎ ይነቅፋል፤ «ሆደ ሰፊ» ብሎ ደግሞ ታጋሹን ያመሰግናል። በአፋን ኦሮሞም «ገራ» ሆድንም ስሜትንም የሚጠራ ቃል ነው።

የእንግሊዝኛውስ?

ተማሪ መጀመሪያ የሚያውቀው «ኢት»ን እና «ድሪንክ»ን ነው። በመጻሕፍት ውስጥ ግን ሌሎችም ይገጥሙታል። «ጎብል» በችኮላ መብላት ሲሆን ከ«ሰለቀጠ» ጋር ይቀራረባል። «ጋልፕ» ትልቅ ትልቁን መዋጥ ነው፤ ለምግብም ለመጠጥም ያገለግላል። «ጋዝል» በብዛት ተስገብግቦ መጠጣት ነው፤ ነዳጅ የሚፈጅ መኪናም በዚሁ ቃል ይጠራል። «ጎርጅ» ከጥጋብ በላይ መብላት ሲሆን የመጣው ጉሮሮ ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ነው። «ግላተን» ሆዳም ማለት ነው፤ መነሻውም መዋጥ የሚል የላቲን ቃል ነው።

እንግዲህ አንድ ተማሪ «አባቴ እራታቸውን በሉ» ለማለት ፈልጎ «ጎብል»ን ቢጽፍ አባቱን «ሰለቀጡ» እንዳለ ይቆጠራል። ለታላላቆችና ለእንግዳ «ኢት» እና «ድሪንክ» ይበቃሉ።

ከእንስሳት ጋር መመሳሰል

እንግሊዝኛ ቸኩሎ መዋጥን በተኩላ ስም «ዎልፍ»፣ ከልክ በላይ መብላትን በአሳማ ስም «ፒግ አውት» ይለዋል። ቁርኣንም በሱረቱ ሙሐመድ (47፡12) የከሐዲያንን አበላል ከእንስሳት አበላል ጋር ያመሳስላል፤ በሱረቱል ዋቂዓ (56፡55) ደግሞ የእሳት ሰዎች የሚጠጡት ጥማት እንደያዛቸው ግመሎች መሆኑን ይነግረናል። ቋንቋዎቹ የተራራቁ ቢሆኑም ስግብግብነት ከሰውነት ደረጃ እንደሚያወርድ ይስማማሉ።

ይህ ለቤተሰብ ምን ይጠቅማል? የወለጋ እናት አንጮቴ ቀቅላ፣ ልጣ፣ በቅቤ አዋዝታ በአንድ ገበታ ስታቀርብ ፈጣኑ እጅ የሌላውን ድርሻ ይወስዳል። የሚቀርባቸውም ትንሹ ልጅና ከማድቤት የዘገየችው እናት ራሷ ናቸው። ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) ልጅ ሳሉ እጃቸው በገበታው ዙሪያ ይዞር ስለነበር ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቢስሚላህ እንዲሉ፣ በቀኝ እጃቸውና ከፊታቸው ካለው እንዲበሉ እንዳስተማሯቸው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠጡ በመካከሉ ሦስት ጊዜ ይተነፍሱ እንደነበርም ተዘግቧል፤ ይህ የ«ጨለጠ» ተቃራኒ ነው።

የሚመሰገን ርሃብ

ከእንግሊዝኛዎቹ ቃላት አንዱ ግን ለምስጋናም ይውላል። «ዲቫወር» አውሬ ያደነውን ሲበላ የሚነገር ቃል ነው፤ መጽሐፍን በጉጉት አንብቦ የሚጨርስ ሰውም በዚሁ ቃል ይሞገሳል። ዐረብኛም ተመሳሳይ መንገድ አለው። ዓብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) የማይጠግቡ ሁለት ሰዎች እንዳሉ ተናግረዋል፤ አንዱ የዕውቀት፣ ሌላው የዱንያ ፈላጊ ነው፤ ሁለቱም እኩል አይደሉም። የተጠቀሙበት ቃል ለሆዳም የሚነገረው ራሱ ነው።

ወጣቶች ሆይ! በገበታ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ፤ በመጽሐፍ ላይ ግን አትጥገቡ። አላህ ከሆዳምነት ጠብቆ የዕውቀት ርሃብን ይስጠን። አሚን።