ባናው ውስጥ ያለው ሙቀት ከየት ይመጣል?

በመንዝ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይመታል። በዚያ ሰሞን ከጤና ጣቢያ ወይም ከመሐል ሜዳ ሆስፒታል ወጥታ ቤቷ የገባች አራስ መጀመሪያ የሚቀርብላት ባና ነው፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ብርድን የሚመክት፣ ከባድ። ጨቅላውም እሱ ውስጥ ይጠቀለላል፤ ቤተሰቡም «ሞቆታል» ብሎ ይረጋጋል።

ባና ግን ሙቀት አያመነጭም። በጠጉሩ መሐል አየር አምቆ ከውስጥ ያለው ሙቀት እንዳያመልጥ ይይዛል እንጂ። ድንጋይ ጠቅልለው ቢያሳድሩበት ጠዋት የሚያገኙት ያንኑ ቀዝቃዛ ድንጋይ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ባናው ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ሳይሆን ውስጡ ያለው ሙቀት ከየት እንደሚመጣ ነው።

ትልቅ ሰው ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፤ በዚያም ይሞቃል። ጨቅላ ይህን አይችልም። በትከሻዎቹ መሐልና በአንገቱ ዙሪያ ቡናማ ስብ የሚባል ስንቅ ይዞ ይወለዳል፤ ሲበርደው እሱን እያቃጠለ ይሞቃል። ማቃጠያው ግን ኦክስጅንና ስኳር ይፈጃል። ሰውነቱ ትንሽ ሆኖ ቆዳው ለክብደቱ ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያልቃል፤ ከጭንቅላቱም ብዙ ይወጣል። ያለ ጊዜው የተወለደ ደግሞ ቡናማው ስብ ገና አልተጠራቀመለትም።

ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። የበረደው ሕፃን ስኳሩን ይጨርሳል፣ ይደክማል፣ ጡት ለመሳብ አቅም ያጣል፤ ካልጠባ ደግሞ ይብስ ይበርደዋል። እንገርን ማፍሰስ የማይገባው ለዚህም ነው፤ ቢጫ ስለሆነ ያልጠራ ወተት አይደለም፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ለጨቅላው ማገዶም በሽታ መከላከያም ነው። ከመወለዱ አንሥቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጡት መያዝ አለበት። ቅቤ ማዋጥ ግን የእንገሩን ቦታ ይሻማል፣ ጀርምም ያስገባል።

ማጠቡም እንዲሁ ነው። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው እጥበት ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲዘገይ የሚመክረው ለዚህ ነው። እስከዚያ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ ኮፍያ ማድረግ፣ የረጠበውን ጨርቅ ወዲያው መቀየር ይበቃል። እርጥብ ጨርቅ ላይ የተደረበ ባና የያዘው ብርድን ነው።

ታዲያ ምንጩ? እናቲቱ ናት። ጨቅላውን ከዳይፐሩና ከኮፍያው በቀር ራቁቱን ደረቷ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ታድርገው፤ ባናው ከላይ ለሁለቱም ይደረብ። አባትም፣ አያትም ይችላሉ። ዘዴው በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ሲጀመር የማሞቂያ ሣጥን እጥረት የወለደው መላ ነበር። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ክብደታቸው ዝቅተኛ በሆኑ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 በመቶ ሲሞቱ፣ ወዲያው ደረት ላይ ከተደረጉት የሞቱት 22.5 በመቶ ናቸው። እንቅልፍ ሲመጣ ግን ሕፃኑ በጀርባው ይተኛ፤ ባናው ፊቱን እንዳይሸፍነው።

ቤቱን ለማሞቅ ከሰል አቀጣጥሎ በሩን መዝጋት ግን ከብርዱ ይበልጥ ያሰጋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ አራስም ጨቅላም ተኝተው ይቀራሉ። እንጨት ባነሰበት መንዝ የሚነደው የኩበት ጭስም ሳንባውን ይጎዳል። እሳቱ ሌላ ክፍል ቢነድ፣ ካልሆነ አየር ቢገባ ይሻላል።

ወደ መርሐ ቤቴ ሲወርዱ፣ ጀማ ሸለቆ አጠገብ ባለው ቆላ፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ መደራረቡ ራሱ ያተኩሳል። ባና ደጋውን ያውቃል፣ ቆላን አያውቅም።

መለኪያው እግር ነው። የእግሩ ሙቀት ከሆዱ ጋር እኩል ከሆነ ደህና ነው። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ በርዶታል፤ ደረት ላይ ይውጣ። ሆዱም ከቀዘቀዘ ወይም ካልጠባ፣ ካተኮሰ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ (በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ)፣ ከተንፈራፈረ፣ መዳፉና እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ እትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ ቀን ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። አንዳንዱ ቤት «አራስ ከክርስትና በፊት ከቤት አትወጣም» ይላል፤ ወንድ 40፣ ሴት 80 ቀን። ክርስትናው በቀኑ ይደርሳል፤ ሕመሙ ግን አይቆይም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ድረስ እንድትመጣ መጥራትም ይቻላል።

መንገዱ ሩቅ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ጨቅላው በጨርቅ ተጠቅልሎ በክንድ አይያዝ። እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ታስሮ፣ ኮፍያው አናቱ ላይ፣ አፍንጫው ክፍት ሆኖ፣ ባናው ከላይ ተደርቦ ይሂድ፤ መዋጥ ከቻለም በየእረፍቱ ጡት ይሰጠው።