የአያት ተረት በመኪና ቴፕ

ባለፈው ዓመት አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪያችን ከአውራ ጣት የማትበልጥ የሙዚቃ ማጫወቻ ይዛ ቢሮዬ መጣች። እናቷ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ የአያቷን ተረቶች በዚያች ማጫወቻ ቀድተውላት ነበር። «ጋሼ፣ በሰርቪሱ ቴፕ ለሁላችንም ብናሰማውስ?» አለችኝ። የአምስት ደቂቃ ሥራ መስሎኝ «ነገ ትሰሙታላችሁ» ብዬ ሸኘኋት። ያ ነገ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሳምንታት የተማርኩትን እዚህ የምጽፈው፣ ብዙ ወላጆች በየመኪናቸው ያለው ችግር ያው መሆኑን በስብሰባችን ላይ ስላጫወቱኝ ነው።

ለአንዲት ማጫወቻ ይህን ያህል መድከም ምን አመጣው የሚል ይኖራል። ልጆቻችን ጠዋትና ማታ በአውተር ሪንግና በሞምባሳ መንገድ መጨናነቅ ውስጥ የሚያሳልፉትን ሰዓት ቁጠሩት። በሳምንት ከምንሰጣቸው የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ይበልጣል። ያ ሰዓት እንዲሁ ባክኖ ይቀራል፤ ወይም ደግሞ ቋንቋውን ከአያት አፍ የሚሰሙበት ይሆናል።

አስተማሪ ነኝና ከምክንያቱ ልጀምር። ኬንያ ውስጥ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነው፤ መሪውም በቀኝ ነው። ሞያሌ ላይ ድንበር የተሻገረ ሁሉ መንገዱ እንዴት እንደሚገለበጥበት ያውቀዋል። እንደ ኬንያ በግራ ከሚነዱት አገሮች አንዷ ጃፓን ናትና ወደዚህ የሚገባው ያገለገለ መኪና አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው። ሕጉ ከተሠራ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነውን መኪና አያስገባም፤ ቀድሞ የገባው ግን ዛሬም መንገድ ላይ አለ። መኪናው ሲመጣ ታዲያ ቴፑም አብሮ ይመጣል። ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፤ ሬዲዮውም የጃፓን ሬዲዮ ነው።

የጃፓን የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ለረጅም ጊዜ የነበሩት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ በኋላ እስከ 95 ተራዝሟል። እዚህም ሆነ በአገራችን ግን ክልሉ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ ባለ ጃፓን ቴፕ መኪና የገዛ ሰው ካፒታል ኤፍ ኤምን በ98.4 ልክፈት ቢል ቁጥሩ እዚያ አይደርስለትም። የሰፈር ኤሌክትሪሻኖች ለዚህ መላ አላቸው፤ በአንቴናውና በቴፑ መካከል ክልል ማስፊያ የምትባል ትንሽ ሳጥን ያስገባሉ። ሳጥኗ የመጣውን ሞገድ በሙሉ በተወሰነ ቁጥር ዝቅ ታደርገዋለች። የምትቀንሰው 14 ከሆነ 98.4 የነበረው በቴፑ ላይ 84.4 ሆኖ ይታያል።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነበር የሬዲዮ ማሠራጫ የገዛሁት። በሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ማለቴ ነው። ማሠራጫው የማጫወቻውን ድምፅ ተቀብሎ እንደ ትንሽ ጣቢያ በመኪናው ውስጥ ያሠራጫል፤ ቴፑ ደግሞ እንደማንኛውም ጣቢያ ይይዘዋል። ሻጩ 106 ላይ አድርገው ብሎኝ ነበር። የሰርቪሳችን ቴፕ ግን 90 ላይ ያበቃል! ማሠራጫው ለራሱ ይናገራል፣ ሰሚ የለውም። ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ መስኮት ብቻ ነው። እዚያ ላይ ባዶ ቁጥር ፈልጌ ስሞክር ሠራልኝ፤ ጥቂት እንደሄድን ግን በዚያው ቁጥር የአንድ ጣቢያ ማስታወቂያ ገብቶ ቀበሮዋን ከነተረቷ ዋጣት። የማሠራጫው ኃይል እጅግ ትንሽ ስለሆነ እውነተኛ ጣቢያ ሲቀርበው መሸነፉ አይቀርም። ክልል ማስፊያ የተገጠመለት መኪና ያለው ሰው ማሠራጫውን ከ90 በላይ ባለ ባዶ ቁጥር አድርጎ በቴፑ ላይ የተቀነሰውን ቁጥር ይፈልግ። ያም ቢሆን ይህ መንገድ ሌላ ሁሉ ሲጠፋ የሚሞከር ነው እላለሁ።

ከዚያ ወደ ገመዱ ሄድኩ። «ኦክስ» የሚባለውን ቀዳዳ ለሳምንት ያህል ስንፈልገው ቆይተን በመጨረሻ ያገኘነው ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ፣ ጃፓንኛ ከተጻፈበት ክዳን ሥር ነው። በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ልክ የተሠራ፣ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ነው። ሁለት ጫፉ አንድ ዓይነት የሆነ ገመድ ይበቃል። እናንተም በመኪናችሁ ከቴፑ ፊት፣ ከማርሹ አጠገብና ከኪሱ ውስጥ ሳትፈልጉ «የለውም» አትበሉ።

ገመዱን ስሰካ የገጠመኝን ግን ለሳይንስ ክፍለ ጊዜም ስለሚሆን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። በማጫወቻዋ ላይ ያለ ዘፈን ስንከፍት መሣሪያው ይሰማል፣ ዘፋኙ ግን የለም፤ ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይመስላል። የአያትየውን ተረት ስንከፍትማ ጭራሽ ዝም! ልጅቷ አያቷ የጠፉባት ያህል ፊቷ ተለወጠ። ማጫወቻዋ ተበላሽታለች ብለን ነበር፤ አልተበላሸችም።

የገመዱን ጫፍ ልብ ብላችሁ እዩት። በጥቁር ቀለበቶች ሦስት ቦታ ተከፍሏል። ጫፉ የግራ ድምፅን፣ መካከለኛው የቀኝ ድምፅን ይወስዳል፤ ከሥር ያለው ረጅሙ ክፍል ለሁለቱም የጋራ መመለሻ ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ መመለሻ ካላገኘ አይሠራም። ገመዱ ጠልቆ ሳይገባ ሲቀር ወይም ከውስጥ መመለሻው ሲበጠስ፣ ግራና ቀኝ ያላቸው አንድ መንገድ እርስ በርሳቸው ብቻ ይሆናል። በሁለቱም በኩል እኩል የሆነ ድምፅ እኩል ይገፋፋና ምንም አያልፍም፤ የሚሰማው በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። በዘፈን ቀረጻ ዘፋኙ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ስለሚቀመጥ እሱ ይጠፋል፣ ዳር ዳር ያሉት መሣሪያዎች ይቀራሉ። የአያትየው ድምፅ ደግሞ በአንድ ማይክራፎን የተቀዳ ነውና ግራውም ቀኙም አንድ ነው፤ ስለዚህ ምንም አልተረፈም። የማጫወቻዋ ሽፋን ገመዱን ጥቂት ገፍቶት ኖሯል። ሽፋኑን አውልቀን ገመዱን ጠቅ እስኪል ስንገፋው አያትየዋ ተመለሱ።

ድምፅን መመጠንም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በመጀመሪያ የማጫወቻውን ድምፅ ከሙሉው አራት አምስተኛ ላይ አድርጉና ቀሪውን በቴፑ አስተካክሉ። ማጫወቻው ዝቅ ብሎ ቴፑ ከፍ ካለ ሹክሹክታው ይበዛል፤ ማጫወቻው እስከ ጥግ ከተከፈተ ድምፁ ይሰነጠቃል። ኦክስን ዘግታችሁ ወደ ሬዲዮ ከመመለሳችሁ በፊት ቴፑን ዝቅ ማድረግን አትርሱ፤ እኔ ረስቼ አንድ ሰርቪስ ሙሉ ሕፃናት አስጮኼአለሁ።

የመጨረሻው ችግራችን ፉጨት ነበር። ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ከስፒከሩ የሚወጣው ፉጨት አብሮ ይቀጥናል። ይህ የሚመጣው ማጫወቻው ከመኪናው ኃይል እየሞላ በዚያው ሰዓት በገመድ ከቴፑ ጋር ሲገናኝ ነው፤ መመለሻው በሁለት መንገድ ስለሚሆን የዲናሞው ጩኸት በመካከሉ ይገባል። ቻርጀሩን ንቀሉት። ፉጨቱ ከቆመ ምክንያቱ እሱ ነው። ማጫወቻውን ቤት ሞልቶ መምጣት ምንም አያስወጣም፤ የግድ መንገድ ላይ የሚሞላ ከሆነ ግን ውስጧ ሁለት ጥቃቅን ትራንስፎርመሮች ያሉባት ማጣሪያ ትሸጣለች፤ በገመዱ መካከል ትገባለች።

ካሴት ብቻ የሚያጫውት አሮጌ ቴፕ ያላችሁ፣ አትጣሉት። ገመድ የወጣለት የውሸት ካሴት አለ። በውስጡ ክር የለም፤ ከቴፑ ራስ ፊት ለፊት የምትቀመጥ ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት አለች። የቴፑ ራስ የሚያነበው የሚለዋወጥ ማግኔትን ነው፤ ማግኔቱ ከክር ይምጣ ወይም ከገመድ አይለይም። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ካሴት ከዚያ ወዲህ ለመጣው ማጫወቻ ሁሉ በር ሆኖ የቀረው በዚህ ነው። ከማሠራጫው ይልቅ ድምፁ እጅግ ይጠራል።

የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ቴፕ ከሆነ ማጫወቻም አያስፈልግም፤ ፍላሽ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ቀዳዳው ስልክ ለመሙላት ብቻ የተሠራ አለመሆኑን አረጋግጡ። ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት ይሁን፤ ድምፁም ኤምፒ ስሪ። በተለመደው 128 ኪሎቢት ጥራት አንድ ደቂቃ አንድ ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ፣ ባለ 4 ጊጋባይት ፍላሽ ወደ 70 ሰዓት ይችላል። የኛን ፊደል ብዙ የመኪና ቴፖች አያውቁትም፤ «ጦጣና አንበሳ» ብላችሁ የሰየማችሁት የሳጥን ረድፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ፋይሎቹን 01፣ 02 እያላችሁ ቁጥር ስጧቸውና ዝርዝሩን በወረቀት ያዙ።

ስለ ብሉቱዝ ብዙ አልልም፤ ልጆቹ ከእኔ ይሻላሉ። አንዳንድ የቆየ ቴፕ ብሉቱዝ ቢኖረውም ለስልክ ጥሪ ብቻ እንጂ ለሙዚቃ አይሆንም። ስልኩ ተገናኝቶ ድምፅ እንቢ ካለ መኪናውን ወይም ስልኩን አትውቀሱ፤ ወደ ገመዱ ተመለሱ። ሌላው ማስጠንቀቂያዬ ስለ ባትሪ ነው። አንዳንድ የጃፓን ቴፖች ባትሪው ተነቅሎ ሲመለስ የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ፤ ያ ከሌለ ቴፑ ተቆልፎ ይቀራል። ገመድ ለመቀጠል ብሎ ባትሪ የሚነቅልላችሁን ሰው ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁት። ማጫወቻን መክፈትና መለወጥ ደግሞ መኪናው ሳይነሳ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ በሰርቪሳችን ላይ ከኋላ ያለች አስተማሪ እንጂ ሾፌሩ አይነካም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከሰርቪሱ የሚሰማው ተረት ከአሥራ አንድ ቤተሰብ የመጣ ነው። የጎጃም አያት አለች፣ የወሎ አያት አለች፤ ልጆቹ የአነጋገር ልዩነቱን እየለዩ ይከራከራሉ። ለትልልቆቹ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» በየምዕራፉ ለማሰማት አስበናል። ሾፌራችን አማርኛ አያውቅም፤ ሆኖም «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚለውን ከሁሉም ቀድሞ እሱ ይመልሳል።

በየቤታችሁ ከአገር ቤት በካሴት የተላከ የዘመድ ድምፅ ያላችሁ ወላጆች፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር እንገለብጠዋለን። ሥራው ከካሴት ማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ የሚሄድ ያው ገመድና ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ብቻ ይጠይቃል። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማፋጠኛ የለውም። ካሴቱን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ። ከማምጣታችሁ በፊት ደግሞ በካሴቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ እነሱ ከተሰበሩ በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። እኔ ይህን ያወቅሁት አባቴ የላኩልኝን ካሴት ባዶ መስሎኝ በላዩ የሬዲዮ ዜና ከቀዳሁበት በኋላ ነው። የተረፈው የመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ እሱንም ገልብጬዋለሁ፣ ቁጥሩ 01 ነው።