ከጣና ወዲህና ወዲያ፦ አማርኛን በፈረንጅ አገር የጻፉት ሁለት ሰዎች

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የምትጓዙ ወዳጆቼ፣ ሐሙሲት ስትደርሱ ሁለት አገር አስቡልኝ። አንደኛዋ በስተ ምዕራብ ከጣና ማዶ ያለችው ዘጌ ናት፣ ያቺ የቡናና የገዳማት አገር። ሁለተኛው በዚሁ መንገድ ወረታን አልፋችሁ የምታገኙት ይፋግ ነው። ከዘጌ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ተወለዱ፤ ከይፋግ አገር አለቃ ታየ ገብረ ማርያም። ዛሬ ልብ ወለድ፣ የሕይወት ታሪክና የታሪክ መጽሐፍ በአማርኛ ስናነብ፣ መንገዱን ከጠረጉልን ሰዎች እነዚህ ሁለቱ ከፊት የሚቆሙ ናቸው። እኔን አብዝቶ የሚገርመኝ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ዘመን አውሮፓ ተቀምጠው ለፈረንጅ ተማሪዎች አማርኛ ያስተምሩ የነበሩ መሆናቸው ነው። አንዱ ናፖሊ፣ አንዱ በርሊን! (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ «ዓ.ም.» ያልሁበት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ይህ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። በቤተ ክህነት ትምህርት የሊቅ ልክ የሚታወቀው በቅኔ ነበር፤ የቅኔ ክብር ደግሞ ወርቁን በሰም ሸፍኖ መያዝ ነው። ለባዕድ ተማሪ ግን ሰምና ወርቅ አያዋጣም። ነገሩ ከራሱ እስከ እግሩ ግልጥ ብሎ፣ ባለቤቱና ማሰሪያው ታውቆ መነገር አለበት። ስድ ንባብ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

የባዕዳንና የአማርኛ ስድ ንባብ መገናኘት ምልክቱ ከሁለቱም በፊት ታይቶ ነበር። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደብረ ታቦርና ጋፋት ሚሲዮናውያን ሲቀመጡ፣ ከእነሱ ጋር ቅርበት የነበራቸው ደብተራ ዘነብ የንጉሡን ታሪክ በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ ጻፉ። «መጽሐፈ ጨዋታ» የሚባል ስለ ኑሮና ስለ ሰው ጠባይ የሚያወጋ ሥራም አላቸው፤ የአማርኛ ወግ አባት ማን ነው ብትሉኝ እሳቸውን እጠራለሁ። የቴዎድሮስ ታሪካቸው የእጅ ጽሑፍ በርሊን ገብቶ ኖሮ፣ በ1902 ኤኖ ሊትማን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ አሳተመው።

አፈወርቅ በ1868 ተወለዱ። በ1887 ሥዕል እንዲማሩ ወደ ኢጣልያ ተላኩና ቱሪን ከተማ ተማሩ። ተመልሰው የእንጦጦ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሣሉ። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ግን አልተስማሙም፤ በ1894 እንደገና ባሕር ተሻግረው ስዊዘርላንድ ሄዱ። የዐድዋ ጦርነት ሲነሣም ወደ ኢጣልያ ወገን ገቡ። ከ1902 ጀምሮ በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም ከፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ጋሊና ጋር ማስተማር ያዙ፤ በ1905 የአማርኛ ሰዋስው በጣልያንኛ አሳተሙ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁለት ዓመታት ተመልከቱ። በ1908 ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ታተመ። ዛሬ «ጦቢያ» ብለን የምናውቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ይህ ነው። በጦርነት የተማረከውን የጦር አለቃ አንድ የማያውቀው ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል፤ ልጁ ዋሕድ ያንን ባለ ውለታ ፍለጋ ወጥቶ ራሱ ባርነት ውስጥ ይወድቃል፤ መንትያ እኅቱ ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። መልኳን ያየች ልዕልት ወንድ መስላት ትወዳታለች! ታሪኩ አጋጣሚ ይበዛበታል፣ አልክድም። ዓረፍተ ነገሩ ግን ይፈሳል።

በዚያው ዓመት ለመንገደኛ የሚሆን መምሪያ በአማርኛና በፈረንሳይኛ አወጡ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ሰው የረሳብኝ ይህን ነው። ለቋንቋ መማሪያ ተብሎ የተጻፈ ንግግር ነው፤ መንገደኛው ከአገሬው ሰው ጋር ያወጋል። ወጉ እየሰፋ ሲሄድ ግን የወታደሩ በገበሬ ላይ መጫን፣ የዳኝነቱ መጓደል፣ የአገሩ ወደ ኋላ መቅረት ሁሉ ይነሣል። መማሪያ መስሎ የገባ ኂስ ነው።

በ1909 «ዳግማዊ ምኒልክ» ተከተለ። እዚህ ላይ ለደብረ ታቦር ወዳጆቼ አንድ ነገር ልንገር፦ መጽሐፉ ምኒልክን ከፍ ለማድረግ ብሎ ቴዎድሮስንና ዮሐንስን አጥብቆ ያዋርዳል። ይህን አድልዎ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1912 አሥመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ጽሑፋቸው ነቅፈውታል፤ እኔም ከገብረ ሕይወት ጋር ነኝ። የመጽሐፉ አማርኛ ውበት ግን ለመማር የሚገባ ነው።

አፈወርቅ ኋላ አገራቸው ገብተው ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ ነጋድራስ ሆኑ፤ በሮምም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ሠሩ። በ1936 ፋሺስት ሲገባ እንደገና ለወራሪው አደሩና «አፈ ቄሣር» ተባሉ። ከነጻነት በኋላ ጅማ ተግዘው፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በ1947 ሞቱ። ብዕራቸውን እወዳለሁ፤ ለወራሪ ማደራቸውን ግን ብዕራቸው አይሸፍነውም።

የይፋጉ ሰው መንገድ ሌላ ነው። አለቃ ታየ በ1861 ተወልደው በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ቅኔና ግእዝም ጠለቅ ብለው አጥንተዋል። የግእዝ ሰዋስዋቸው በ1889 ዓ.ም. እዚያው ምንኩሉ ታተመ። በ1905 ምኒልክ ወደ በርሊን ላኳቸውና ከጀርመናዊው ሊቅ ከኦይገን ሚትቮኽ ጋር አማርኛና ግእዝ አስተማሩ። አገር ከተመለሱ በኋላ ስለ እምነታቸው ተከሰው ታስረዋል፤ መጻፋቸውን ግን አልተዉም። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» በ1914 ዓ.ም. አሥመራ ታተመ፤ በ1924 እሳቸው ዐረፉ። መጽሐፉ ከነገሥታቱ ይልቅ ስለ ሕዝቡ ይጠይቃል፦ ይህ ወገን ከየት መጣ፣ ያኛውስ? ብዙው መልስ በአፈ ታሪክ ላይ የቆመ ስለሆነ የዛሬ ታሪክ አጥኚ አይቀበለውም። ጥያቄውን በአማርኛ አደባባይ ማውጣታቸው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ሁለቱን ሳስብ አንድ የሩቅ አገር ሰው ትዝ ይለኛል፦ ሩስያ ውስጥ ኒኮላይ ካራምዚን የሚባል ጸሐፊ ነበረ። በ1792 «ምስኪኗ ሊዛ» የተባለች አጭር ልብ ወለድ አወጣ፣ አውሮፓን ዞሮ የመንገደኛ ደብዳቤዎች ጻፈ፣ በመጨረሻም የሩስያን መንግሥት ታሪክ በ12 ቅጽ ሲሠራ ሞተ። የሩስያን ስድ ንባብ ካቀኑት አንዱ ነው ይሉታል። የእኛዎቹ ይህን ሥራ ከጣና ወዲህና ወዲያ ሆነው ተካፈሉት፤ ልብ ወለዱና የመንገደኛው ወግ ለዘጌ፣ የሕዝቡ ታሪክ ለይፋግ ደረሰ።

ማንበብ ለምትፈልጉ፣ በ«ጦቢያ» ጀምሩ፤ አጭር ናት፣ በአንድ ምሽት ታልቃለች። ቀጥሎ የአለቃ ታየን ያዙ። የመንገደኛው መምሪያ ከእጃችሁ ከገባ ደግሞ የአማርኛውን ወገን ጮክ ብላችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ፣ እየተቀባበላችሁ አንብቡት።